ካሜራውና ሲባጎው

ቤት የሌለው ሰው ሌባ አይፈራም። ይህን ያወቅኩት ቤት ከሠራሁ በኋላ ነው።

ተከራይቼ ስኖር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሌባ የሚባል ፍጥረት መኖሩንም ረስቼው ነበር። የሚሰረቅ ምን አለኝና! ኮምቦልቻ ላይ የራሴን ቤት ሠርቼ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ የውጭ በሩ ቀለም ተቀብቶ ቁልፉን ኪሴ የከተትኩ ዕለት ግን ዓይኔ ተከፈተ። መንገድ ላይ የማየው ሰው ሁሉ አጥሬን በዓይኑ የሚለካ መሰለኝ። ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ቀና ብላ ወደ ጣሪያዬ ስታይ፣ "ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" አልኩ። ለካ ሴትዮዋ ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ሰማዩን እያየች ኖሯል።

ሥራዬም አልረዳኝም። የአንድ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ግምጃ ቤት ያረጀ ሰው እንዴት እንደሚያስብ ታውቃላችሁ አይደል? እጁን ኪሱ የከተተ ሰው ሁሉ ብሎን ይዞ የሚወጣ ይመስለዋል። መመሪያዬ አንዲት ናት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ባለቤቴ ሐያት፣ "አንተ እኮ ሰው ከጨበጥክ በኋላ ጣቶችህን ትቆጥራለህ" ትለኛለች። አስተማሪ ናት፤ ማጋነን ትወዳለች።

ቤቱን የሠራሁት ለእናቴ ጉልበት ስል ነው። እናቴ ዘሃራ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ነው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ጉልበት ውስጥ ከገባ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ይኖራል። ሐኪሙ ወደ ሞቃት አገር ትውረድ አለ። ለደሴ ሰው ሞቃት አገር ማለት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ነው። እሷ ግን እሺ አላለችም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ስልኳ ጠርቶ ጠርቶ ካልተነሳ እኔ ኮምቦልቻ ላይ ልቤ ቀጥ ይላል። ለመንኳት፣ ሐያትም ለመነቻት። በመጨረሻ እንዲህ አለች፦ "እስቲ እስከ አረፋ ልየው። ከሆነልኝ ኸይር። ካልሆነልኝ ቤቴ እገባለሁ፤ ወላሂ፣ ሁለተኛ እንዳትለምነኝ!"

እናቴ ወላሂ ካለች አለቀ። ስለዚህ እስከ አረፋ ድረስ ቤቱ አንድም እንከን ሊገኝበት አይገባም። ለእኔ ደግሞ እንከን የሌለው ቤት ማለት ሌባ የማይገባበት ቤት ነው።

ቤት መጠበቂያ ልመርጥ ነው ብዬ አፌን ስከፍት አገሩ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዱ ባልደረባዬ ከውሻ የሚበልጥ የለም አለኝ። ይህንኑ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት።

"ውሻ ካለበት ቤት መላኢካ አይገባም" አለችኝ።

"ሌባም አይገባም እኮ እማ" አልኳት።

"ካንተ ውሻና ከአላህ መላኢካ የቱ ይሻላል ለጥበቃ?" ብላ ጠየቀችኝ። ውሻው በዚሁ ቀረ።

ቀጥዬ እንድሪስ የሚባል ዘበኛ ቀጠርኩ። ትጉህ ነው፣ አይተኛም፣ ጫት እንኳ አይቅምም። ወሎ ውስጥ የማይቅም ዘበኛ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። "አገኘሁ!" አልኩ። በሳምንቱ ስኳር ልገዛ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ፣ "እንኳን ደስ ያለህ! አልጋው ራስጌው ላይ መስታወት አለው አሉ" አለኝ። ክው አልኩ። የአልጋዬን ራስጌ ማን ነገረው? ሳጣራ ለካ እንድሪስ በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ንብረቴን ይተርካል። "የዚህ ቤት ፍሪጅ በሩ ሁለት ነው። ቴሌቪዥኑን ለሁለት ተሸክመን ነው ያስገባነው።" ስቆጣው በየዋህነት አየኝና፣ "ጋሼ፣ የሚጠበቀው ነገር ካልታወቀ ጠባቂውን ማን ያከብረዋል?" አለኝ። መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ አሠሪ ምን ያደርጋል? አሰናበትኩት።

ከዚያ ግንቡን ከፍ አደረግኩ። በላዩ ጠርሙስ ሰብሬ ተከልኩ። በጠርሙሱ ላይ እሾሃማ ሽቦ ጠቀለልኩ። ሐያት ወጥታ ቆማ አየችውና፣ "ታራሚዎቹ መቼ ይገባሉ?" አለችኝ።

ይህም አላስተኛኝ አለ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ካሜራ የሚሸጥ፣ ሁሉም ሰው ኢንጂነር የሚለው ጎልማሳ አለ አሉኝና ከሐያት ጋር ሄድን። ይህ ሰው ካሜራ ይሸጣል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። መጀመሪያ የሚሸጠው ድንጋጤ ነው፤ ካሜራው ምራቂ ነው። ከስልኩ ላይ ሌቦች ቤት ሲገቡ የተቀረጹበትን ቪዲዮ አንድ በአንድ አሳየኝ። አንዱ እንደ ድመት ግንብ ይዘላል። ሌላው የብረት በር እንደ ሙዝ ይልጣል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እርስዎ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ቤትዎ በየት በኩል ይገቡ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጉድ እኮ ነው! ጥያቄውን እየጠበቅኩ የኖርኩ ይመስል መልሱ ከአፌ ፈሰሰ። በጓሮ በኩል የጎረቤቱን የውሃ ታንከር ረግጬ፣ ጠርሙሱ ላይ ማዳበሪያ ጥዬ፣ በኩሽናው መስኮት ዘልቄ ... ሞቅ አለኝ። ሳሎኑን ጨርሼ መኝታ ቤት ገብቼ፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የሐያትን ሀብል ሳወጣ ሐያት ክንዴን ያዘችኝ። "በቃህ ሰይድ፣ ወርቄን መልስ" አለች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ እኔ ያን ዕለት ራሴን ማመን አቃተኝ።

ኢንጂነሩ ያለውን ሁሉ ገዛሁ። በአጥሩ ማዕዘን ሁሉ ካሜራ፣ አንዱ ደግሞ ግቢውን ከውስጥ የሚያይ። ሰው ሲያልፍ ስልኬ ላይ "ሰው ታይቷል" ይላል። ሌባ ከገባ የሚጮህ አላርም አለው። ባለሁበት ሆኜ በስልኬ ስናገር ድምፄ ከግንቡ ላይ ይወጣል። ለውጭ በሩም ሲገፉት ራሱ የሚቆለፍ መዝጊያ ገጠመልኝ፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ በፍጹም አይከፈትም፣ ከውስጥ ግን ምላሱን ሳብ ማድረግ ነው። "ይህን የሚከፍት ሌባ ገና አልተወለደም" አለኝ። አመንኩት። ደስ አለኝ።

እናቴን ላመጣ ቧንቧ ውሃ ሄድኩ። የእናቴ የውጭ በር የቆርቆሮ ነው። ከላዩ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ሲባጎ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ የሲባጎው ሌላ ጫፍ ከውስጥ መቀርቀሪያው ላይ ታስሯል። የመጣ ሰው ሲባጎውን ሳብ፣ በሩ ከፈት፣ "አሰላሙ ዓለይኩም" ብሎ ገባ። እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲገባ ነው የኖረው። እኔም ሳብኩና ገባሁ። ገብቼ ነው የደነገጥኩት። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ቤት ለካ ቁልፉ ውጭ ነው የሚያድረው!

"እማ፣ በዚህ በር ሌባ ገብቶ አያውቅም?" አልኳት።

"አንድ ሰው ገብቶ ነበር" አለች፣ ነገር ዓለሙን ንቃ። አንድ ጊዜ ያላወቀችው ሰው ሲባጎውን ስቦ ገብቶ ግቢው መሃል ቆሞ ዕቃውን ያያል። "ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?" አለችው። ሰውየው ግራ ገባው። አስገብታ ምሳ አበላችው። በላ፣ መረቃት፣ ሄደ። ቆየት ብሎ ጎረቤቷ ያንኑ ሰው ሰኞ ገበያ ላይ የሰው በግ ሲነዳ ተይዞ አየሁት ብላ መጣች።

"ሌባ ነበር ማለት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ቤት ምን ሰረቀ? ምሳ በላ። እሱንም ሰጥቼው ነው" አለች።

ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ስለ ጥበቃ ምን ትነጋገራላችሁ? ጓዟን ጫንኩና ሐረጎን ወረድን።

አዲሱ ቤት ስትደርስ ግንቡን፣ ጠርሙሱን፣ ሽቦውን አየች። ካሜራዎቹን አየች። "ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አለችኝ። ከማንም አልኳት። "ታዲያ ይኸ ሁሉ ለማን ነው?" ለሌባ አልኳት። እኔም መመሪያ ሰጠኋት፦ ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍች፣ እኔ በስልኬ አየዋለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሂ ሶላት ላይ፣ እናቴ ለውዱእ ልትታጠብ ወደ ግቢ ወጣች። አላርሙን ማጥፋት ረስቼው ነበር። ጩኸቱ! ወዳጆቼ፣ ያን ዕለት ሱብሂ ያመለጠው የሰፈሩ ሰው የለም። ነቅቶ ያልወጣ አልነበረም። ከአልጋዬ ዘልዬ ስልኬን ሳይ በሬ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ጋቢ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ። ከፊት የቆሙት ሽማግሌ ሼህ ይማም ነበሩ፤ ማን መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ደንግጬ ስልኬን ተጭኜ፣ "ማነው? ከበሩ ራቁ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከግንቡ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ዘለሉ። "አዑዙ ቢላሂ! ግንቡ ይናገራል እንዴ?"

"ምንም የለም፣ ሁላችሁም ተመለሱ" አልኩ፣ አሁንም በግንቡ።

ተመለሱ። እኔ ሲስተሙ በመሥራቱ ኩራት ኩራት አለኝ። እናቴ ግን ውሃው ከክንዷ እየተንጠባጠበ አየችኝ። "የሰው ልጅ ጩኸት ሰምቶ ዱላ ይዞ ሊደርስልህ መጣ። አንተ በግድግዳ መለስከው?" አለች። ያን ዕለት ከእኔ ጋር ቁርስ አልበላችም።

ከዚያ በኋላ ዝም አለች። የምትጮኽ እናት ዝም ስትል አያስፈራም? ከጥቂት ቀን በኋላ እራት ላይ፣ "የዚህ ሰፈር ቅሬ ሰብሳቢው ማነው?" አለችኝ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ወሎዎች ቅሬ ሳንገባ ለመሞት አንደፍርም።

"ገና አልገባንም እማ፣ ኢንሻአላህ እንገባለን።"

"ታዲያ ነገ ብሞት ቀባሪዬ ካሜራው ነው?"

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

አረፋ እየቀረበ ሄደ። ልቤ ፈራ። እናቴ ደሴን በሕልሟ የምታይ ይመስል ጠዋት ጠዋት ፊቷ ይጨልማል። ከዚያ አንድ ሳምንት ላይ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ተለወጠች። ከሥራ ስመለስ ታንጎራጉራለች። "ኮምቦልቻ ሸጋ አገር ናት" ብላ ጀመረች። ለመደች አልኩ! ለሐያት፣ "አየሽ? ሰው ደኅንነት ሲሰማው እንዲህ ነው" አልኳት። ሐያት አንገቷን ደፍታ ደብተር ታርማለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ካፖርቴ ጠፋ። ቡናማው፣ ወፍራሙ፣ የደሴ ዘመን ካፖርቴ። ቁም ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ የለም። በላይ በላዩ ድንጋጤ! በዚያ ግንብ፣ በዚያ ሽቦ፣ በዚያ ካሜራ መሃል ካፖርት እንዴት ይወጣል? ለካ ስልኬ ድመት ባለፈች ቁጥር "ሰው ታይቷል" እያለ ሲያሰለቸኝ ድምፁን አጥፍቼው ኖሯል። ወዲያው መልሼ ከፈትኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግምጃ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። "ሰው ታይቷል።" ከፈትኩት። አንዲት አጭር ሴት በሬ ላይ ቆማ ወደ ላይ ትዘላለች። አንዴ ዘለለች፣ ደገመች። "ግንብ ልትዘል ነው!" አልኩ። በሦስተኛው ያ ሌባው ገና አልተወለደም የተባለለት መዝጊያ ከፈት አለላት። ገባች። ወዲያው ሌላ ሰው፣ ትከሻው ላይ ጆንያ፤ እሱ አልዘለለም፣ እጁን ብቻ አነሳ፣ ገባ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

እናቴ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት! ኢንጂነሩ ጋ ደወልኩ። "አይቻልም" አለኝ፣ "ያ መዝጊያ አይከፈትም።" "እየተከፈተ ነው የምልህ!" "አይከፈትም ጋሼ።" ዘጋሁበት። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ረዘም ያለ የውሃ ቧንቧ አነሳሁ። ደንግጬም ቢሆን ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ወጪ ፈርሜ ነው ያወጣሁት። ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

በሬ ላይ ስደርስ ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፌን ቢሮ ረስቼዋለሁ። በሩን በቧንቧው ደበደብኩት። ከውስጥ የሰው ሁካታ ይሰማል፤ የሚከፍት የለም። "እማ!" ብዬ ጮህኩ። በዚህ መሃል አንዲት ሴት ሽንኩርት በቅርጫት ይዛ ከኋላዬ መጣች።

"ምን በሩን ትቀጠቅጣለህ ወንድሜ? ለቅሶ ከመጣህ ገመዱን ሳብ እንጂ" አለችኝ።

ቀና ስል ... ሲባጎ! በዚያ ሁሉ ብረት መሃል፣ በድሪል በተበሳች ቀዳዳ፣ የቧንቧ ውሃው ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ ሳብ አደረገችው። በሩ ተከፈተ። እኔ ደርቄ መቅረቴን ስታይ ዞር ብላ፣ "ግባ ግባ፣ አትፈር፣ ባዳ ቤት አይደለም" አለችኝ። በገዛ ቤቴ!

ገባሁ። ግቢዬ ሙሉ ሰው ነው። ሰፋፊ ድስቶች ተጥደዋል። ያቺ የምትዘለው ሴት ሽንኩርት ትልጣለች። ጆንያ ተሸክሞ የገባው ሰው ከሰል እያወጣ ነው። እናቴ ዱካዋ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ እየጠቆመች ታዛለች። ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበሬ ላይ ሼህ ይማም ተቀምጠዋል። እኔ በር ላይ ቧንቧዬን እንደ ጦር ሰብቄ ቆሜያለሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሼህ ይማም ፊታቸው በራ።

"ማሻአላህ! የድንኳን ቋሚ አንድ ጎድሎን ነበር፤ ልጁ ይዞ ደረሰ!" አሉ።

ቧንቧውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ምን ልበል? ልመታችሁ ነው ያመጣሁት ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ሦስተኛው ቤት ያሉ አሮጊት አርፈው ግቢያቸው ጠባብ ሆነ። እናቴ፣ "የልጄ ግቢ ሰፊ ነው፤ ድስቱ እዚያ ይጣድ" አለች። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የቅሬው ሰብሳቢ ለካ ሼህ ይማም ናቸው፤ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ቅሬያችን ለዕቃው ቤት ሲፈልግ የኖረ ነው። ድስቱ እየተሰረቀ፣ ሰሃኑ እየጠፋ ተቸግረን ነበር። ያንተ ቤት ግንብ አለው፣ ሽቦ አለው፣ ካሜራ አለው። እናትህ ደግሞ ልጄ ሥራው ግምጃ ቤት ነው አሉን። አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው! ዕቃውን አስገብተነዋል፤ ኃላፊው አንተ ነህ።"

የመኪና ማቆሚያዬን ሳየው ድስት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ቀብር ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ለቀስተኛው ድንኳኑ መንገዱ ላይ ወደ ተተከለበት ሲያልፍና ሐያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ "ስለ ሲባጎው ታውቂ ነበር?" አልኳት። "ካንተ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል" አለች። ያ ጉንፋን ለካ ሳቅ ነበር። እናቴ የብየዳ ሠራተኛ አስጠርታ ቀዳዳዋን አስበሳች፤ እኛ ከሥራ የምንመለስበት ሰዓት ሲደርስ ሲባጎውን ወደ ውስጥ ትስበዋለች።

ደሜ ፈላ። መቀስ አመጣሁና ሲባጎውን ቆረጥኩት።

እናቴ አሱር ሰገደች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ስትወጣ ጥቅል ይዛለች። ሁለት ቀሚስ፣ መስገጃዋ፣ መቁጠሪያ ሙስበሃዋ።

"መኪና ጥራልኝ" አለች።

"እማ፣ አረፋ አልደረሰም እኮ!"

"ለእኔ ደርሷል።"

ብዙ ደንግጫለሁ ብያችኋለሁ። እንደዚያች ጥቅል ያስደነገጠኝ ግን የለም። "ሌባስ እማ? ሌባ ቢገባስ?" አልኳት፣ ድምፄ ተሰብሮ።

"ሌባ አጥር ዘሎ ነው የሚገባ። ገመድ ስቦ የሚገባ እንግዳ ነው" አለች።

እኔም የግምጃ ቤት ሰው ነኝና ማስረጃ ላቀርብ ስልኬን አወጣሁ። የካሜራውን ቅጂ ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እይ፣ እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?" አልኳት። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ አየች። "ይቺ የምትዘለው ፋጤ ናት፤ ቁመት ነሳት እንጂ ልቧ ሰፊ ነው። ይኸ አሰፋ ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት። ይቺ ደግሞ ጠይባ፣ ባሏ ፋብሪካ ካንተ ጋ ነው የሚሠራ።" እኔ ቤቱን ሳሠራ ዓመት ሙሉ ስመላለስ አንዱንም አላውቅም። ይሁን፤ የምፈልገው ዕቃ ሲያወጡ ማየት ነው። የየቀኑን ቅጂ አሳለፍኩት። ሁሉም ይዞ ይገባል፤ የተከደነ ሳህን፣ ቅጠል፣ ከሰል። ይዞ የሚወጣ የለም።

ድንገት አንድ ሰው ካፖርቴን ለብሶ ሲወጣ አየሁ። "ይኸው! ይኸው ሌባ!" ብዬ ዘለልኩ። ምስሉን አቀረብኩት። እንድሪስ ነው፣ ያባረርኩት ዘበኛ። ከኋላው ሴት ቆማ ኮሌታውን ታስተካክልለታለች። እናቴ ናት።

"እናቱ መጡ ሲሉት ሊዘይረኝ፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው" አለች፣ ምንም ሳታፍር። "ደሴ የጥበቃ ሥራ ይዟል። ብርዱን ታውቀዋለህ። ኮምቦልቻ ላይ ካፖርት ምን ያደርግልሃል? ሰደቃህን እኔ አወጣሁልህ።"

እንግዲህ ያ ሁሉ ሲስተም የያዘው ሌባ እናቴን ነው። ሐያት ከኩሽና በሳቅ ፈረሰች። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ጣቴ ምስሉን ወደ ኋላ ገፋው፣ ሲባጎው ከመኖሩ በፊት ወዳሉት ቀናት።

በር ይንኳኳል። ሳህን የያዘች ሴት ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። በግቢው ካሜራ እናቴ ዱካዋ ላይ በሩን ፊት ለፊት እያየች ተቀምጣለች። ምርኩዟን ትይዛለች፣ ለመነሳት ትታገላለች፣ ትነሳለች። ያን ሰፊ ብዬ የኮራሁበትን ግቢ በዚያ ጉልበቷ ታቋርጣለች። ስትደርስ፣ ከፍታ ስታይ፣ ሴትዮዋ ሄዳለች። እናቴ ግራና ቀኝ ታያለች። ትዘጋለች። ተመልሳ ትቀመጣለች፣ አሁንም ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በማግስቱም እንዲሁ።

እኔ እኮ አትክፈቺ ብያታለሁ! እሷ ግን በዚያ ጉልበት ለመክፈት ትሮጥ ነበር። ለጉልበቷ ብዬ ባመጣኋት ቤት ጉልበቷ በር ላይ አለቀ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ስልኩን አጠፋሁት።

"ትንሽ ታገሺኝ እማ" ብዬ ወጣሁ። ሱቅ ሄጄ ጠንካራ ሲባጎ ገዛሁ። በገዛ እጄ፣ ካሜራው እያየኝ፣ መዝጊያው ምላስ ላይ አስሬ በቀዳዳዋ አወጣሁት። ስመለስ ጥቅሏን አልፈታችም፤ ግን መኪናም አልጠየቀችኝም። ጥቅሉ ከበሩ አጠገብ አደረ፤ እስከ አረፋም እዚያው ከረመ።

አረፋ ደረሰ። በግ ታረደ። ከሶላት መልስ ሲባጎው እየተሳበ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ዋለ። እኔ ሥጋውን ለጎረቤት እየከፋፈልኩ ዓይኔ ያቺ ጥቅል ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ እናቴ በምርኩዟ ጠራችኝ።

"ሰይዴ" አለችኝ። "ቤቱን አየሁት። ሸጋ ቤት ነው። አንድ እንከን ግን አለው።"

"ምን እማ?"

"ገመዱ አጠረ። ፋጤ አትደርስበትም።"

ያኔውኑ ሄጄ አስረዘምኩት። ጥቅሉንም ሐያት ወደ ቁም ሳጥን አስገባችው። የፊት ለፊቱን ካሜራ ደግሞ ትንሽ ዝቅ አድርጌ ቀጥ ብሎ ሲባጎውን እንዲያይ አዞርኩት። ፍሪጁን ቢወስዱት ሌላ እገዛለሁ፤ ሲባጎው ከተሰረቀ ግን እናቴ ደሴ ትገባለች።